የጭስ ዋጋ፦ የአካባቢ ኢኮኖሚክስ ከከሰል ጭስ እስከ ልቀት ገበያ

የድንጋይ ከሰል ሲነድ በውስጡ ያለው ድኝ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይሆናል። ጋዙ ሳንባን ይቆጠቁጣል፤ ደመና ውስጥ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ደግሞ አሲድ ሆኖ ይዘንባል። የከሰሉን ሒሳብ የሚከፍለው ፋብሪካው ነው። የጭሱን ሒሳብ የሚከፍሉት ግን ሌሎች ናቸው፤ ያጠበችውን ልብስ መልሳ የምታጥብ የቤት እመቤት፣ ሰብሉ የጠወለገበት ገበሬ፣ ሳል የማይለቀው ሕፃን፣ ሐይቁ ዓሣ አልባ የሆነበት አጥማጅ። ከእነዚህ ክፍያዎች አንዱም በፋብሪካው የሒሳብ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች እንዲህ ከገበያው ዋጋ ውጪ የሚቀረውን ጉዳት «ውጫዊ ወጪ» ይሉታል። የአካባቢ ኢኮኖሚክስ ታሪክ በአብዛኛው ይህ ወጪ እንዴት እንደታወቀ፣ እንዴት እንደተሰላና ወደ አድራጊው እንዲመለስ ምን ምን እንደተሞከረ የሚያሳይ ታሪክ ነው። የድኝ ጭስ ደግሞ ይህን ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመከተል ያስችላል። (ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአቤቱታ ወደ ሕግ

በ1661 እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጆን ኤቭሊን «ፉሚፉጂየም» የተባለ ጽሑፍ ለንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ አቀረበ። ለንደን በዚያን ጊዜ የማገዶ እንጨት ተወድዶባት ከሰል ማንደድ ከጀመረች ቆይታ ነበር። ኤቭሊን የጠማቂዎች፣ የቀለም ነካሪዎች፣ የሳሙና ሠሪዎችና የኖራ አቃጣዮች ምድጃ ከከተማዋ እንዲርቅ፣ በዙሪያዋም ጥሩ መዓዛ ያላቸው ተክሎች እንዲተከሉ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ በጎ ተቀባይነት ቢያገኝም በሥራ ላይ አልዋለም። ምክንያቱ ለኋለኞቹ ባለሙያዎች ግልጽ ሆኗል፦ ከርካሽ ከሰል የሚገኘው ጥቅም በጥቂት ባለምድጃዎች እጅ የተሰበሰበ ነው፤ የጭሱ ጉዳት ግን በመቶ ሺዎች ላይ ስለሚበተን የእያንዳንዱ ተጎጂ ድርሻ ለክስ ወይም ለአመፅ የሚያነሣሣ አይሆንም።

ከ200 ዓመት በኋላ ግን በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ጉዳቱ ሊሸሸግ የማይችል ሆነ። የሶዳ ፋብሪካዎች ለሳሙና፣ ለመስታወትና ለጨርቃ ጨርቅ የሚያስፈልገውን አልካሊ የሚሠሩት የገበታ ጨውን በሰልፈሪክ አሲድ በማብሰል ነበር። በዚህ ጊዜ የሚወጣው የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ በሴንት ሄለንስና በዊድነስ ዙሪያ ዛፎችን አደረቀ፤ ብረት አዛገ፤ ሰብል አበላሸ። መፍትሔው ሳይታወቅ ቀርቶ አልነበረም። ዊልያም ጎሴጅ የተባለ ፋብሪካ ባለቤት በ1836 ጋዙን ወደ ላይ እየለቀቀ ውሃ ከላይ የሚያንጠባጥብበት፣ በዚህም አሲዱን የሚያስቀር ማማ ፈልስፎ ነበር። ማማው ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ጋዙን ወደ ሰማይ መልቀቅ ግን በነጻ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ማማውን ችላ አሉት።

በ1863 የወጣው የአልካሊ አዋጅ ሁኔታውን ለወጠው። አዋጁ ፋብሪካዎች ከሚወጣው አሲድ 95 በመቶውን እንዲያስቀሩ አዘዘ፤ የሚቆጣጠራቸውም የመንግሥት ተቆጣጣሪ ተሾመ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለምጣኔ ሀብት ትምህርት ትልቅ ቦታ አለው። አሲዱ በውሃ ተይዞ መከማቸት ሲጀምር ፋብሪካዎቹ ጥቅም ፈለጉለት፤ ከእርሱ ክሎሪን እያወጡ ጨርቅና ወረቀት የሚያነጣ ዱቄት ይሸጡ ጀመር። ትናንት ቆሻሻ የነበረው ነገር ሸቀጥ ሆነ። ይህ ለውጥ የመጣው ጋዙን መልቀቅ ነጻ መሆኑ ስለቀረ ነው።

የመጀመሪያው ዋና ተቆጣጣሪ ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ሮበርት አንገስ ስሚዝ ነበር። ስሚዝ የማንቸስተርን ዝናብ ለዓመታት እየሰበሰበ መርምሮ በ1872 ባሳተመው መጽሐፍ «የአሲድ ዝናብ» የሚለውን ስያሜ ተጠቀመ። ስያሜው ዓለም አቀፍ መነጋገሪያ እስኪሆን ግን 100 ዓመት ያህል ፈጀ።

ካምብሪጅ፦ ጉዳቱ ስም አገኘ

ሕግ አውጪዎች በልምድ የደረሱበትን ነገር በንድፈ ሐሳብ ያስቀመጡት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። አልፍሬድ ማርሻል በ1890 ባሳተመው የምጣኔ ሀብት መጽሐፍ አንድ ድርጅት ከእርሱ ውጪ ባሉ ሌሎች እድገት ሳይከፍል ሊጠቀም እንደሚችል አሳየ። ተማሪው አርተር ሴሲል ፒጉ በ1908፣ ገና በ30 ዓመቱ፣ የማርሻልን ወንበር ወረሰ፤ ሐሳቡንም በሌላ አቅጣጫ ወሰደው፦ አንዱ ከሌላው ሳይከፍል መጠቀም ከቻለ፣ ሌላውንም ሳይክስ ሊጎዳ ይችላል።

ፒጉ በ1920 ባሳተመው «የደኅንነት ኢኮኖሚክስ» የግል ጥቅምንና የማኅበረሰቡን ጥቅም ለየ። ከባቡር ጭስ ማውጫ የሚፈናጠር ፍንጣሪ በሐዲዱ ዳር ያለውን ደን ቢያቃጥል፣ የባቡር ኩባንያው የሚያገኘው ትርፍ ከማኅበረሰቡ ትርፍ ይበልጣል፤ ልዩነቱ የተቃጠለው ደን ነው። ለከተማ ጭስ ደግሞ ከማንቸስተር የተገኘ ጥናት ጠቀሰ። የከተማዋ የአየር ብክለት አማካሪ ቦርድ በ1918 የማንቸስተርን የልብስ ማጠቢያ ወጪ ንጹሕ አየር ካላት ከሃሮጌት ከተማ ጋር አነጻጽሮ ነበር። ልዩነቱ ለማገዶና ለማጠቢያ ብቻ በአንድ ቤተሰብ በሳምንት 7 ተኩል ፔኒ ሆነ። ለአንድ ቤት ከሳሙና ዋጋ ብዙም የማያልፈው ይህ ገንዘብ ሲደመር ሦስት ሩብ ሚሊዮን ነዋሪ ላላት ከተማ በዓመት ከ290,000 ፓውንድ በላይ ደረሰ። የአጣቢዎቹ ጉልበት በሒሳቡ ውስጥ አልገባም፤ የሳንባ በሽታም አልገባም። እንዲህም ሆኖ ጭሱ በገንዘብ የሚቆጠር ዕዳ መሆኑ ታየ።

የፒጉ መፍትሔ ግብር ነው። መንግሥት በእያንዳንዱ ተጨማሪ የጭስ መጠን ላይ ያ ጭስ ከሚያደርሰው ጉዳት ጋር የሚተካከል ግብር ቢጥል፣ ፋብሪካው ጉዳቱን እንደ ራሱ ወጪ ያየዋል። አንድ ቶን መቀነስ ከግብሩ የሚረክስ እስከሆነ ድረስ ይቀንሳል፤ መቀነሱ ከግብሩ የሚወደድበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ያቆምና ለቀረው ይከፍላል። ባለሙያዎች ይህን ነጥብ የቅነሳው ኅዳጋዊ ወጪ ከጉዳቱ ኅዳጋዊ ወጪ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይሉታል። ከዚህ የምንረዳው የፒጉ ግብር ጭስን ጨርሶ ለማጥፋት የታሰበ አለመሆኑን ነው። የታሰበው ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ የሚያመዝነውን ጭስ ለይቶ ለማስቀረት ነው።

ሐሳቡ ለአሥርት ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ተቀመጠ። ግብሩን ለመጣል ከየጭስ ማውጫው ምን ያህል እንደሚወጣ መለካት፣ ጉዳቱንም መተመን ያስፈልጋል፤ ለሁለቱም መሣሪያ አልነበረም።

ድንበር የተሻገረ ጭስና የለንደን አምስት ቀናት

ተግባሩ በዚህ መካከል በፍርድ በኩል ቀጠለ። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ትሬይል በተባለች ከተማ የሚገኝ የእርሳስና የዚንክ ማቅለጫ በ1920ዎቹ ምርቱን አሰፋ፤ ረጃጅም ጭስ ማውጫዎችም አቆመ። የድኙ ጭስ የኮሎምቢያ ወንዝን ሸለቆ ተከትሎ ድንበር ተሻገረና በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የገበሬዎችን ሰብልና ደን ጎዳ። ጉዳዩ በሁለቱ መንግሥታት መካከል ለግልግል ቀረበ። በ1931 የሁለቱ አገሮች የጋራ ኮሚሽን 350,000 ዶላር ካሣ እንዲከፈል ሐሳብ አቀረበ፤ የግልግል ጉባኤው በ1938 ለኋለኛው ጉዳት 78,000 ዶላር ጨመረ፤ በ1941 በሰጠው የመጨረሻ ውሳኔም ማንኛውም መንግሥት ግዛቱን በጭስ የሌላውን አገር ለመጉዳት ሊያውል መብት እንደሌለው ደነገገ። ማቅለጫውም ጉዳዩ ገና በክርክር ላይ ሳለ ድኙን እየያዘ ሰልፈሪክ አሲድ፣ ከእርሱም ማዳበሪያ መሥራት ጀመረ። በእንግሊዝ የታየው ነገር እዚህም ተደገመ፤ ጭሱ ዋጋ ሲያስከፍል ጭሱን የመያዝ ጥበብ ተገኘ።

አንድ ጭስ ማውጫና የታወቁ ተጎጂዎች ባሉበት ቦታ ፍርድ ቤት ይበቃል። አድራጊውም ተጎጂውም መላው ከተማ ሲሆን ግን ማን ማንን ይከስሳል? ይህ ጥያቄ ከታኅሣሥ 5 እስከ 9 ቀን 1952 በለንደን በሞት ተመልሶ መጣ። በከተማዋ ላይ የረጋውን ቀዝቃዛ አየር ሞቃት አየር ከላይ ከደነው፤ ከሚሊዮን ምድጃዎችና ከኃይል ማመንጫዎች የሚወጣው ጭስም መውጫ አጣ። የአውቶቡስ ረዳቶች ችቦ ይዘው ከመኪናው ፊት ፊት እየሄዱ መንገድ ያሳዩ ነበር። በሳድለርስ ዌልስ ቲያትር የሚታይ ኦፔራ ጭሱ አዳራሹን ሞልቶት ተቋረጠ። በወቅቱ የሟቾች ቁጥር 4,000 ገደማ ተብሎ ተገመተ፤ ከዓመታት በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እስከ 12,000 አድርሰውታል።

በሂው ቢቨር የተመራው ኮሚቴ በ1954 ሪፖርቱን አቀረበ፤ የንጹሕ አየር አዋጅም በ1956 ወጣ። አዋጁ የአካባቢ አስተዳደሮች ጭስ አልባ ቀጠናዎችን እንዲከልሉ ፈቀደ። የቤት ባለቤቶች ምድጃቸውን እንዲቀይሩም አብዛኛውን ወጪ ከመንግሥት በጀት ሸፈነ። በዚህም ከፒጉ ግብር ተቃራኒ የሆነ መንገድ ተመረጠ ማለት ነው፤ የሚያጨሰው ሰው እንዲከፍል ከማድረግ ይልቅ እንዲያቆም ተከፈለው። የምድጃው ባለቤት ብዙውን ጊዜ ድሃ ቤተሰብ ስለነበረ ግብር ቢጣልበት ከነሕፃናቱ በብርድ ያልቅ ነበር። ማን መክፈል አለበት የሚለው ጥያቄ ከውጤታማነት በተጨማሪ የፍትሕም ጥያቄ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

የኮስ ጥያቄ፣ የዴልስ መልስ

ለንደን ውስጥ ተወልዶ ያደገው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ሮናልድ ኮስ በ1960 «የማኅበራዊ ወጪ ችግር» የተባለ ጽሑፍ አሳተመ። ሐሳቡን አስቀድሞ በቺካጎ በአሮን ዳይሬክተር ቤት በተደረገ የእራት ግብዣ ላይ ሚልተን ፍሪድማንንና ጆርጅ ስቲግለርን ጨምሮ 20 ያህል ምሁራን በተገኙበት ሲያስረዳ፣ ሲጀመር ሁሉም ተቃውመውት እንደነበርና ሌሊቱ ሳያልቅ ሁሉም እንደተረቱለት ስቲግለር ጽፏል።

ኮስ በ1879 የተፈረደ አንድ የለንደን ክስ አነሣ። አንድ ጣፋጭ ሠሪ ለብዙ ዓመታት በሙቀጫ ይወቅጣል፤ ጎረቤቱ ሐኪም ደግሞ በአትክልቱ ጥግ፣ ከሙቀጫው አጠገብ፣ የሕሙማን መመርመሪያ ክፍል ይሠራል። ጫጫታው ምርመራውን አላስኬድ አለ። ፍርድ ቤቱ ለሐኪሙ ፈረደ። ኮስ ጉዳቱ የሁለቱ መሆኑን አሳየ፤ ጣፋጭ ሠሪው ሐኪሙን ይጎዳል፣ ሐኪሙን መጠበቅ ደግሞ ጣፋጭ ሠሪውን ይጎዳል። ተደራድሮ መስማማት ምንም ወጪ የማያስከትል ቢሆን፣ መብቱ ለማንም ቢሰጥ ሁለቱ ይበልጥ የሚያዋጣውን አሠራር ገዝተው ሸጠው ይደርሱበታል፤ መብቱ የተሰጠው ግን ገንዘቡን ያገኛል።

ይህ የመጀመሪያው ክፍል ነው። ሁለተኛው ክፍል ብዙውን ጊዜ ቢረሳም የኮስ ዋና ነጥብ እርሱ ነው፦ ድርድር ሁልጊዜ ወጪ አለው። ሁለት ጎረቤቶች ሊስማሙ ይችላሉ፤ ሚሊዮን ጭስ የሚተነፍሱ ሰዎች ከመቶ ኃይል ማመንጫዎች ጋር ሊደራደሩ አይችሉም። ስለዚህ ሕግ መብትን እንዴት እንደሚያከፋፍል ወሳኝ ይሆናል።

የአየር መብት ሊሸጥና ሊገዛ በሚችል መልክ እንዲቀመጥ ያሰቡት ደግሞ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎቹ ቶማስ ክሮከር በ1966፣ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ጆን ዴልስ በ1968 ናቸው። መንግሥት በአንድ አካባቢ ሊለቀቅ የሚችለውን ጠቅላላ ብክለት ይወስናል፤ በዚያ ልክ ፈቃድ ያወጣል፤ ባለፈቃዶቹም እርስ በርሳቸው ይገበያያሉ። የዘዴው ጥቅም በቀላል ሒሳብ ይታያል። ሁለት ማመንጫዎች አሉ እንበል። የመጀመሪያው አንድ ቶን ለመቀነስ 200 ዶላር፣ ሁለተኛው 900 ዶላር ያስፈልገዋል። መንግሥት እያንዳንዳቸው 100 ቶን እንዲቀንሱ ቢያዝዝ ጠቅላላ ወጪው 20,000 እና 90,000፣ በድምሩ 110,000 ዶላር ነው። ፈቃድ መሸጥ ቢፈቀድ ግን የመጀመሪያው 200 ቶን ቀንሶ ትርፍ ፈቃዱን ለሁለተኛው ይሸጥለታል። የአየሩ ንጽሕና ያው 200 ቶን ነው፤ ወጪው ግን 40,000 ዶላር ብቻ ይሆናል። የፈቃዱ ዋጋ ከ200 በላይና ከ900 በታች እስከሆነ ድረስም ሁለቱም ይጠቀማሉ። መንግሥት የየፋብሪካውን ወጪ ማወቅ አላስፈለገውም፤ የሚያውቁት ራሳቸው ባለፋብሪካዎቹ በገበያው አማካይነት ገለጡት።

ግብር ይሻላል ወይስ የመጠን ጣሪያ? የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ማርቲን ዋይትስማን በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ መልሱ እንደ ጉዳቱ ጠባይ እንደሚለያይ አሳየ። ጉዳቱ ከተወሰነ መጠን በኋላ በድንገት የሚከፋ ከሆነ መጠኑን መገደብ ይሻላል። የቅነሳው ወጪ በፍጥነት የሚንር ሆኖ ጉዳቱ ግን ቀስ በቀስ የሚጨምር ከሆነ ዋጋውን መወሰን፣ ማለትም ግብር፣ ይመረጣል።

ረጃጅም ጭስ ማውጫዎችና የሐይቆች ሞት

ምሁራኑ ሲከራከሩ መንግሥታት የትእዛዝን መንገድ ያዙ። አሜሪካ በ1970 የንጹሕ አየር አዋጇን አጠናክራ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲን አቋቋመች። አዋጁ በየአካባቢው የሚተነፈሰው አየር መድረስ ያለበትን የንጽሕና ደረጃ ወሰነ። ብዙ ማመንጫዎች ደረጃውን ያሟሉት ድኙን በማስቀረት ሳይሆን ጭስ ማውጫቸውን በማስረዘም ነበር። በካናዳም በሰድበሪ በ1972 የተጠናቀቀው የኒኬል ማቅለጫ ጭስ ማውጫ 381 ሜትር ይደርስ ነበር። የቅርቡ አየር ጠራ፤ ድኙ ግን በነፋስ መቶዎች ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሌላ ቦታ ዘነበ።

ስዊድናዊው የአፈር ተመራማሪ ስቫንቴ ኦዴን በ1960ዎቹ መጨረሻ የስካንዲኔቪያ ሐይቆች አሲድነት ከብሪታንያና ከመካከለኛው አውሮፓ ከሚመጣ ጭስ ጋር የተያያዘ መሆኑን ይፋ አደረገ። ስዊድን ጉዳዩን በ1972 በስቶክሆልም በተደረገው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ ላይ አቀረበች። በአሜሪካም ጂን ላይከንስና ባልደረቦቹ በኒው ሃምፕሻየር ደን ውስጥ የዝናቡን አሲድነት መዘገቡ። በዚያው በ1972 የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት «በካይ ይክፈል» የሚለውን መርሕ ተቀበለ።

በ1977 የተሻሻለው የአሜሪካ አዋጅና ተከትሎት የወጣው ደንብ አዳዲስ ማመንጫዎች የሚያነዱት ከሰል አነስተኛ ድኝ ያለው ቢሆንም እንኳ የጭስ ማጣሪያ እንዲገጥሙ አስገደዱ። ንጹሕ ከሰል ገዝቶ በርካሽ መቀነስ ለሚችለው ይህ ከንቱ ወጪ ነው። ደንቡን የደገፉት ከፍተኛ ድኝ ያለው ከሰል የሚያመርቱ የምሥራቅ ግዛቶች ስለነበሩ ዓላማው ከአየሩ ይልቅ የማዕድን ሥራቸውን መጠበቅ ነበር። አሮጌዎቹ ማመንጫዎች ደግሞ ከግዴታው ነጻ በመሆናቸው ዕድሜያቸው እንዲራዘም ተደረገ።

በዚህ መካከል ትንንሽ ሙከራዎች ተጀመሩ። ከ1976 ጀምሮ አየራቸው በተበከለ ከተሞች አዲስ ፋብሪካ መክፈት የሚፈልግ ከነባር ፋብሪካ ቅነሳ መግዛት ቻለ። ከ1982 እስከ 1987 ደግሞ የነዳጅ ማጣሪያዎች በቤንዚን ውስጥ ያለውን እርሳስ ለመቀነስ መብት ተገበያዩ። ዴልስ በወረቀት ያሰፈረው ሐሳብ በተግባር እንደሚሠራ ታወቀ።

የድኝ ገበያ፣ 1990–2010

በ1988 ከሁለቱ ተቀናቃኝ ፓርቲዎች የመጡት ሴናተሮች ቲሞቲ ዊርዝና ጆን ሃይንዝ፣ በሃርቫርዱ ሮበርት ስታቪንስ የተመራ ጥናት አወጡ፤ የአሲድ ዝናብን በፈቃድ ግብይት ለመቋቋም የሚያስችል ሐሳብም አቀረቡ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች. ደብሊው. ቡሽ ሐሳቡን ተቀበሉ፤ ሕጉንም በኅዳር 15 ቀን 1990 ፈረሙ።

ሕጉ የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ1980ው መጠን በ10 ሚሊዮን ቶን እንዲቀንስ አዘዘ። አንድ ፈቃድ አንድ ቶን ለመልቀቅ ያስችል ነበር። ፈቃዶቹ ባብዛኛው ለነባር ማመንጫዎች በነጻ ተሰጡ፤ ጥቂቱ በየዓመቱ ለጨረታ ቀረበ። ከ1995 ጀምሮ 110 ትልልቅ ማመንጫዎች፣ ከ2000 ጀምሮ ደግሞ የቀሩት ከሞላ ጎደል ሁሉ በሥርዓቱ ውስጥ ገቡ። በየጭስ ማውጫው ልቀቱን ያለማቋረጥ የሚመዘግብ መለኪያ ተገጠመ። በዓመቱ መጨረሻ ከፈቃዱ በላይ የለቀቀ ለእያንዳንዱ ቶን 2,000 ዶላር ይቀጣ ነበር፤ ትርፉንም ከቀጣዩ ዓመት ድርሻው ይመልስ ነበር። በአንዱ ዓመት የተረፈውን ፈቃድ ለሚቀጥለው ማጠራቀምም ይቻል ነበር። ፒጉ ያልነበረው ነገር፣ ማለትም አስተማማኝ መለኪያ፣ አሁን ነበር።

ሕጉ ሲረቀቅ የኃይል ኩባንያዎች አንድ ቶን መቀነስ ከ1,000 ዶላር በላይ ያስወጣናል ብለው ይከራከሩ ነበር። በመጋቢት 1993 በቺካጎ የንግድ ቦርድ በተደረገው የመጀመሪያ ጨረታ ላይ ፈቃዶቹ ከ131 እስከ 450 ዶላር ተሸጡ። በ1996 ዋጋው ወደ 70 ዶላር ገደማ ወረደ። ለዚህ ትልቁን ድርሻ ያበረከተው ማንም በዕቅድ ያላስቀመጠው ነገር ነው። በ1980 የባቡር ትራንስፖርት ከዋጋ ቁጥጥር ነጻ ከወጣ በኋላ የማጓጓዣ ዋጋ ወርዶ ነበር። ስለዚህ ከዋዮሚንግ የፓውደር ወንዝ ሸለቆ የሚወጣው አነስተኛ ድኝ ያለው ከሰል ወደ መካከለኛው ምዕራብ ማመንጫዎች በርካሽ ይደርስ ጀመር። የ1977ቱ ዓይነት ደንብ ቢሆን ማጣሪያ ግጠሙ ብሎ ይህንን ዕድል በዘጋው ነበር። ገበያው ግን ለእያንዳንዱ ማመንጫ ምርጫውን ተወለት፤ አንዱ ከሰል ቀየረ፣ አንዱ ማጣሪያ ገጠመ፣ ሌላው ፈቃድ ገዛ። የማጣሪያዎቹም ዋጋ ከከሰሉ ጋር መወዳደር ስለነበረበት ረከሰ።

በ1980 ከ17 ሚሊዮን ቶን በላይ የነበረው የኃይል ማመንጫዎች ልቀት በ2010 ወደ 5 ሚሊዮን ቶን ገደማ ወረደ። በ2005 የወጣ ጥናት የፕሮግራሙን ዓመታዊ ጥቅም 122 ቢሊዮን ዶላር፣ ወጪውን 3 ቢሊዮን ዶላር ገምቷል። ከጥቅሙ አብዛኛው ሕጉ ሲወጣ ከታሰቡት ሐይቆችና ደኖች የመጣ አልነበረም። ከድኝ ጭስ የሚፈጠረው ረቂቅ ብናኝ በመቀነሱ የተረፈ የሰው ሕይወት ነው።

ገበያው ጉድለትም ነበረው። ፈቃዱ ቶንን እንጂ ቦታን አያይም፤ በረሃ ላይ የሚለቀቅ ቶንና ከተማ አጠገብ የሚለቀቅ ቶን ለገበያው እኩል ናቸው። መንግሥት ይህንን ለማረም በ2005 ያወጣው ጥብቅ ደንብ ዋጋውን ከ1,000 ዶላር በላይ አሻቀበው። በ2008 ግን ፍርድ ቤት አንዱ ግዛት ለሌላው የሚያደርሰውን ጉዳት በገበያ ብቻ መመለስ ከሕጉ ጋር አይጣጣምም ብሎ ደንቡን ሻረ፤ ኋላ ግን ምትኩ እስኪወጣ ድረስ እንዲቆይ ፈቀደ። ዋጋው ወደቀ፤ ከ2010 በኋላ በየግዛቱ ገደብ የሚጥሉ ደንቦች ሲተኩ አገር አቀፉ የድኝ ገበያ በተግባር አበቃ። ፖለቲካ የፈጠረውን ዋጋ ፖለቲካ ሊያጠፋው እንደሚችል ታየ።

አውሮፓ፣ ካርቦንና ሁምቦ

ስዊድን በበኩሏ የፒጉን መንገድ መረጠች። በ1991 በነዳጅ ውስጥ ባለ በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ድኝ ላይ 30 ክሮነር ግብር ጣለች፤ የነዳጅ ዘይት የድኝ መጠንም ሕጉ ከፈቀደው ጣሪያ በታች ወረደ። በ1992 በናይትሮጅን ኦክሳይድ ላይ የጣለችውን ክፍያ ደግሞ ለራሳቸው ለማመንጫዎቹ ባመረቱት ኃይል መጠን እየመለሰች፣ ንጹሑ እንዲያተርፍ በካዩ እንዲከስር አደረገች። ከድኝ ጭስ ሌላ የአየር ንብረትን በሚያሞቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይም በ1990 ፊንላንድ፣ በ1991 ስዊድን ግብር የጀመሩ ቀዳሚ አገሮች ናቸው።

በ1997 በኪዮቶ በተደረሰው የአየር ንብረት ስምምነት የልቀት ግብይት እንዲገባ አጥብቃ የጠየቀችው የድኝ ገበያ ልምድ የነበራት አሜሪካ ናት፤ አውሮፓውያን ያመነቱ ነበር። አሜሪካ ስምምነቱን ሳታጸድቀው ቀረች። የአውሮፓ ኅብረት ግን በጥር 2005 የራሱን የካርቦን ገበያ ከፈተ። ጅማሬው አስቸጋሪ ነበር። ፈቃዶቹ በግምት ላይ ተመሥርተው ስለተሰጡ በ2006 እውነተኛው ልቀት ሲታወቅ ትርፍ መሆናቸው ታየ፤ 30 ዩሮ ገደማ የነበረው ዋጋ አሽቆልቁሎ በ2007 ወደ ዜሮ ተጠጋ። ትርፍ ፈቃድን ከገበያ የሚያነሣ ሥርዓት በ2019 ሥራ ሊጀምር ሲቃረብ ዋጋው ማገገም ጀመረ፤ በየካቲት 2023 ለአንድ ቶን ከ100 ዩሮ አለፈ።

የኪዮቶ ስምምነት ታዳጊ አገሮችን ያገናኘው ንጹሕ የልማት ስልት በተባለው አሠራር ነው። በታዳጊ አገር ልቀት የቀነሰ ፕሮጀክት የምስክር ወረቀት አግኝቶ ለበለጸጉ አገሮች ይሸጥ ነበር። ኢትዮጵያ ወደዚህ ታሪክ የገባችው በወላይታ ሁምቦ ወረዳ በኩል ነው። በዚያ የተራቆተው ተራራ ለግጦሽና ለእንጨት ቆረጣ ተዘጋ፤ በአፈሩ ውስጥ ከነሥራቸው የቀሩት ጉቶዎች ያቆጠቆጡትን ቀንበጥ ገበሬዎች እየመለመሉ አሳደጉ። 2,728 ሄክታር የሚሸፍነው ይህ ደን በ2009 በስልቱ ተመዘገበ፤ በአፍሪካ ከዓይነቱ የመጀመሪያው ትልቅ ፕሮጀክት ነበር። የመሬቱን አያያዝ የሚመሩት ሰባት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው፤ ከካርቦኑ ከፊሉን የገዛው በዓለም ባንክ ሥር ያለ ፈንድ ነው። ዛፍ ቆርጦ የእንጨት ከሰል መሸጥ ብቻ ገንዘብ ያመጣ በነበረበት ቦታ፣ ዛፉን ማቆየትም ገቢ ማምጣት ጀመረ። ፒጉ ጉዳት ግብር ይክፈል ካለ፣ ያልተከፈለበት በጎ ሥራም ክፍያ ይገባዋል የሚለው የሐሳቡ ሌላ ገጽታ በሁምቦ ታየ።

በዚያው ስልት ውስጥ ግን ከባድ ብልሽትም ተፈጠረ። በቻይናና በህንድ ያሉ የማቀዝቀዣ ጋዝ ፋብሪካዎች ኤችኤፍሲ 23 የተባለውን ኃይለኛ ተረፈ ጋዝ በማቃጠላቸው የሚያገኙት የምስክር ወረቀት ዋጋ ጋዙን ለማቃጠል ከሚያስፈልገው ወጪ እጅግ የበለጠ ነበር። ስለዚህ ተረፈ ጋዙን መቀነስ ሳይሆን ማምረት አዋጪ ሆነ፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2013 ጀምሮ እነዚህን ወረቀቶች ከገበያው አገደ። ትክክለኛ ያልሆነ ዋጋ ከዋጋ ማጣት ባልተናነሰ ሊጎዳ ይችላል።

ቻይና በ2021 የኃይል ማመንጫዎቿን የሚያካትት አገር አቀፍ የካርቦን ገበያ ከፈተች፤ በሚሸፍነው የልቀት መጠንም ከዓለም ትልቁ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ወደ ገበያው የሚገቡ እንደ ብረት፣ ሲሚንቶና ማዳበሪያ ያሉ ምርቶች ሲመረቱ ምን ያህል ካርቦን እንደተለቀቀ አስመጪዎች እንዲያሳውቁ አስገደደ፤ ይህም በድንበር ላይ ለሚሰበሰብ ክፍያ መሰናዶ ነበር። በዚህ መንገድ በአንድ አገር የተወሰነ የጭስ ዋጋ ወደዚያ አገር በሚልኩ ላኪዎች ላይም መድረስ ጀምሯል።

ከአልካሊ አዋጅ እስከ ካርቦን ገበያ ያለው ተሞክሮ አራት ነገሮችን አስተምሯል። ጉዳት በነጻ እስከተፈቀደ ድረስ የታወቀ መፍትሔም በሥራ ላይ አይውልም። ዋጋ የሚሠራው ልቀቱ ሲለካ፣ ያልከፈለም ሲቀጣ ነው። ለአድራጊው የመቀነሻ መንገዱን የመምረጥ ነጻነት ሲሰጠው ወጪው ከተፈራው በታች ይሆናል። የመጀመሪያው ፈቃድ ለማን ይሰጥ፣ ግብሩስ ለምን ይዋል የሚለውን ግን የትኛውም ቀመር አይመልሰውም፤ እርሱን የሚወስኑት የሚያጨሱትም ጭሱን የሚተነፍሱትም እኩል የሚደመጡበት ሕግና ፖለቲካ ናቸው።